ጥቂት ያለፈው ክንፍ

ጎረቤታችን እትዬ ዊትስከ የነፋስ ወፍጮው በር ላይ አቅፈውኝ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እግዜር ያጽናችሁ» ሲሉኝ፣ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርቴ ጎን ለጎን የምማረውን የወፍጮ ሥራ ፈተና መውደቄን የሰሙ መሰለኝ።

«ምንም አይደል፤ በመጸው እንደገና እፈተናለሁ» አልኳቸው።

«የምን ፈተና? የገርብራንድ ሚስት አርፋ የለም እንዴ?»

ደነገጥኩ። አስተማሪዬ ጋሽ ገርብራንድ አሁን ነው የደወሉልኝ። ባለቤታቸው ሂልከ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶላቸው ከሆስፒታል እየተመለሱ ነው። ከሩቅ አይተው ደስ እንዲላቸው ክንፎቹን ደስታን በሚያበስር አቋቋም እንዳቆም አደራ ተሰጥቶኛል። ፍሬኑን ለብቻዬ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀና አልኩ። የላይኛው ክንፍ ቀጥ ብሎ ሊቆም ትንሽ ሲቀረው መያዝ ነበረበት። እኔ ዘግይቼ ስለያዝኩት ጥቂት አልፏል፤ ይህ ደግሞ በእኛ ዘንድ የሐዘን ምልክት ነው።

እትዬ ዊትስከ ይህን ስነግራቸው «አንቺ ልጅ፣ ሴትዮዋን በቁሟ ቀበርሻት እኮ!» ብለው በሳቅ ፈረሱ።

ነፋሱ ጸጥ ብሏል። ገመዱን ስቤ ፍሬኑን አላቀቅኩና፣ ገመዱን ሳልለቅ የታችኛውን ክንፍ አብረን መግፋት ጀመርን።

«ግፊ እንጂ! ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩሽ እንዲህ ነው?»

ቀጣዩ ክንፍ ወደ ላይ ሲቃረብ «ፍሬን!» ብለው ጮኹ። ገመዱን ለቀቅኩት፤ ፍሬኑ ያዘና ክንፉ ቀጥ ሊል ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

ብዙም ሳይቆይ የጋሽ ገርብራንድ መኪና በግድቡ መንገድ ብቅ አለ። ሂልከ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ወደ ክንፎቹ አዩና እጃቸውን አውለበለቡልን።