የእህት አስቴር ካላንደር

ወንድሜ ዋቅቶላ የት እንደተደበቀ እንዳይነገረኝ የለመንኩት እኔው ነኝ። ጥቅምት 2009 ነበር፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ። ከተማሪዎች የተቃውሞ ሰልፍ ማግስት ከሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ሸሽቶ፣ ጉልበቱ አብጦ መገናኛ ያለው ቢሮዬ ደጃፍ ሲቆም፣ የጸሎት ኅብረታችን አስተባባሪ ወደሆነችው ወደ እህት አስቴር ወሰድኩት። የማላውቀውን ማንም ሊያወጣጣኝ አይችልም አልኳት። እሷም እውነትም ለእኔ ትንፍሽ አላለችም። ምስጢር ጠባቂ ሴት ናት፤ ይህን ዛሬም አልክድም።

ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው። ኅብረታችን በየሳምንቱ ቤት ይቀያይራል፤ «ዛሬ ማን ቤት ነው?» የሚለው ስልክ እህት አስቴርን አላስቀምጥ ሲላት፣ በነሐሴ አንድ ገጽ ሠራሁላት። እሷ ኢንተርኔት ላይ ባለው ካላንደሯ ስትጽፍ ገጹ ወዲያው ያነባል። ደንበኛው መንገድ ገጹ በእሷ ፈቃድ ወደ ካላንደሩ እንዲገባ ማድረግ ነበር፤ ፈቃዱ በየጊዜው ሲያልቅ፣ እሷም የይለፍ ቃሏን ስትረሳ ሰለቸኝና ካላንደሩን «ለሁሉም ክፍት» አድርጌ ተገላገልኩ። ገጹ የሚያሳየው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሰፈሩን ብቻ ነው። ሌላ ምን እንደምትጽፍበት አልጠየቅኋትም። ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ የኅብረቱ አባል ደውሎ ገጹ ሰዓት አዛብቷል አለኝ። ስህተቱን ለመፈለግ ገጹ የማያሳየውንም፣ ከካላንደሩ የሚመጣውን ሁሉ ከፈትኩት። ከቀኑ ሥር፣ ለማስታወሻ በተተወው ቦታ፣ እህት አስቴር የጸሎት ርዕስ ጽፋለች። እኛ ዘንድ በጥቅሉ አይጸለይም፤ ስም ይጠራል፣ ሕመሙ ይነገራል፣ ያለበት ይጠቀሳል።

«ፈረንሳይ ለጋሲዮን እህት አገርነሽ ጓሮ ስላረፈው ወንድም ዋቅቶላ። ጌታ ከሚፈልጉት ዓይን እንዲሰውረው። የግራ ጉልበቱ እብጠት እንዲጎድል። ሰኞ ወንድም ፍሥሐ ሌላ ቤት እስኪወስደው እንዲጠበቅ።»

ለሰው ያልነገረችውን ለጌታ ጽፋዋለች። እኔም ከእኔ የተሰወረውን በገዛ ገጼ አነበብኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱን የሠራሁት እኔ፣ ሞኟም እኔ።

የጎብኚ ቆጣሪውን አየሁ። የስልክ ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ ገጹን በቀን አሥር ሰው እንኳ አይከፍተውም። አንድ ሰው ግን ከማክሰኞ ጀምሮ በየአሥር ደቂቃው ይከፍታል። ገጹንም አይደለም፤ ከጀርባው ሙሉው ጽሑፍ የሚመጣበትን አድራሻ ነው። ስልኬን አነሳሁ።

እህት አስቴር ስልኳን አታነሳም። ምንም ሳልዘጋ ወጥቼ ወደ ፈረንሳይ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ወያላው ሁለት ሰው እስኪሞላ ሲጮኽ ልደበድበው ምንም አልቀረኝም።

ኅብረቱ ሁለቴ ስለተሰበሰበበት የእትዬ አገርነሽን ቤት አውቀዋለሁ። ሱቃቸው ውስጥ ስኳር እየመዘኑ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«አልነገሩሽም እንዴ? ወንድሞች መጥተው ወሰዱት። ፍሥሐ ልኮን ነው፣ ሰኞ ይቅርና ዛሬ ይሂድ ብሏል አሉኝ።»

«ያውቋቸዋል?»

«መጀመሪያ እኔም ተጠራጥሬ ነበር። ግን በስሙ ጠሩት፤ የግራ ጉልበትህ እንዴት ሆነ ብለው ጠየቁት። ከኅብረታችን ውጪ ይህን ማን ያውቃል፣ ልጄ?»

ዋቅቶላም አምኗቸው የጫማውን ማሰሪያ ራሱ አሰረ። ደግፈውት እስከ አስፋልቱ ወረዱ። ከመሄዳቸው በፊት ቆመው ጸልየዋል፤ አሜን ሲሉ ደስ ይሉ ነበር አሉኝ። ከሄዱ ገና ሰዓት አልሞላቸውም።

እትዬ አገርነሽ ይህን ሲያወሩ የኅብረታችን አባል ለሆኑት ለጋሽ ፍሥሐ ደወልኩ። ሲ.ኤም.ሲ ሆነው ነው ያነሱት። ማንንም አልላክሁም አሉ። ለእትዬ አገርነሽ እውነቱን ለመንገር አቅም አጣሁ። ስኳሩን ቋጥረው ለደንበኛቸው እየሰጡ ነበር።

ቢሮ ስመለስ ገጹን ልዘጋው ተቀመጥኩ። አዲስ ጽሑፍ ገብቶ ነበር። እትዬ አገርነሽ ለእህት አስቴር ደውለውላት ኖሮ፣ እሷም ፍሥሐ ቀኑን ያቀረበው መስሏት፣ እንዲህ ስትል ጽፋለች፦

«የምስጋና ርዕስ፦ ወንድም ዋቅቶላ ዛሬ በሰላም ቤት ቀየረ። ጌታ ስለላካቸው ሁለት ወንድሞች ስሙ ይባረክ።»

ይህንንም አንብቦት እንደሆነ ለማወቅ ቆጣሪውን ከፈትኩ። ያ ከማክሰኞ ጀምሮ በየአሥር ደቂቃው ሲከፍት የነበረው ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የከፈተው ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልከፈተም።