የእትዬ አፀደ ቃል

እትዬ አፀደ ስለ ልጃቸው አሟሟት እውነቱን የተናገሩት ለምሥራች ብቻ ነበር። ምሥራች ዘመዳቸው አይደለችም። በሱስ ልጆቻቸውን ያጡ የሐበሻ ቤተሰቦችን የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ቡድን ከማኅበረሰቡ መካከል መርጦ የቀጠራት ጠያቂ ናት። ካልጋሪ ከተማ፣ ታራዴል ሰፈር ያለው ቤታቸው መጥታ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ፣ እትዬ አፀደ መጀመሪያ ስለ ብርዱና ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወሩ። ከዚያ ሳያስቡት ወደ ልጃቸው ገቡ።

ዮፍታሄ ኦግደን በሚባለው ሰፈር፣ የባቡር ጥገና ውስጥ ይሠራ ነበር። ጀርባውን ተጎድቶ ሐኪም ያዘዘለት የሕመም ማስታገሻ ነው የሱሱ መነሻ። በኋላ ከመንገድ መግዛት ጀመረ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ወድቆ የተገኘ ቀን፣ እትዬ አፀደና ባለቤታቸው ጋሼ ተድላ ለሰው “ልቡ ቆመ” ለማለት ተስማሙ። ቀብሩም ተዝካሩም በዚሁ አለፈ። ውሸትም አይደለም፤ ልቡ ቆሟል።

ለምሥራች ግን ጋሼ ተድላ እንኳ የማያውቁትን ጨመሩላት። ዮፍታሄ ከመሞቱ ከወራት በፊት ወጥ ቤት ገብቶ፣ “እማዬ፣ ማቆም አቃተኝ” ብሏቸው ነበር። ለአባቱ እንዳይነግሩም አስምሏቸዋል። እሳቸውም መሐላቸውን ጠበቁ።

“ብነግረው ኖሮ…” አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ።

ጥናቱ ሲያልቅ የቡድኑ መሪ ቃለ መጠይቆቹን በሙሉ የዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ሪፖዚተሪ ውስጥ አስገባ። ሪፖዚተሪ የሚሉት ሌላ ተመራማሪም ሆነ ማንኛውም ሰው በኢንተርኔት ከፍቶ የሚያነበው የመረጃ ማከማቻ ነው። የተጠያቂዎቹ ስም ተሰርዟል፤ መሪው ስም ከተሰረዘ ሰው አይታወቅም ብሎ ገምቶ ነበር። የእትዬ አፀደ ቃል ውስጥ ግን የባቡር ጥገናው አለ፣ የልጁ አንድያነት አለ፣ አባትየው በደብሩ ሰበካ ጉባኤ ማገልገላቸው አለ። እንዲህ ሆኖ መውጣቱን ለምሥራች የነገራት አልነበረም። እትዬ አፀደም “ለጥናት ይውላል” ሲባሉ የመሰላቸው ጥቂት አስተማሪዎች የሚያነቡት ነገር ነው።

ይህን ቃላቸውን ያገኘችው ሰርክአዲስ ናት፤ እዚያው ደብር ያደገች የነርሲንግ ተማሪ። ለአሳይመንት ስትፈልግ ደረሰችበት፣ አልቅሳም ለእናቷ አሳየች። ክፉ አላሰበችም። እናቷም ክፉ አላሰቡም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ተሰባስበው፣ ዳቦ ይዘው፣ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀው ታራዴል መጡ።

“ምነው፣ ምን ሆናችሁ?” አሉ እትዬ አፀደ በሩን ከፍተው።

አንደኛዋ አቀፏቸው። “ይኼን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽው ኖርሽ፣ እህቴ?”

ጋሼ ተድላ ሶፋው ላይ ነበሩ። ሴቶቹ እሳቸውም የሚያውቁ ስለመሰላቸው፣ ልጁ ለእናቱ የተናዘዘውን በፊታቸው አንስተው አለቀሱ። እንግዶቹ ተሰናብተው ሲወጡ ጋሼ ተድላ ቴሌቪዥኑን አጠፉ።

“ነግሮሽ ነበር?”

“አስምሎኝ ነው።”

“ለመቅጃ ተናገርሽ። ለኔ ግን አልተናገርሽም።”

ሌላ አልጨመሩም። ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ከቤቱ ሥር ወዳለው ቤዝመንት ወረዱ፤ ከዚያ በኋላ መኝታቸው እዚያ ሆነ።

እትዬ አፀደ ምሥራች ጋ ደወሉ። “ማን ነገራቸው፣ ልጄ?” ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም፤ ቢኖረው ለምሥራች ይቀላት ነበር። መኪናዋን ዳር ይዛ ፓርክ አደረገችና ስልኳ ላይ ፈለገች። ወዲያው አገኘችው። ራሷ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ቃል አወቀችው።

ላይብረሪው ውስጥ የጥናት መረጃዎችን የምትይዘው ዓይሻ የምትባል፣ እዚሁ ካልጋሪ ያደገች ሶማሊት ናት። ነገሩን ከምሥራች ሰምታ ሳትጨርስ ፋይሉን ዘጋችው።

“ከአሁን ወዲያ ማንም አያገኘውም” አለች። “ያወረዱት ሰዎች እጅ ያለውን ግን መመለስ አልችልም።”

“ብዙ ነው?”

“አንድም ቢሆን በዝቷል።” ዓይሻ ዓይኗን ከስክሪኑ አነሳች። “ሴትዮዋ ራሳቸው ምን ይፈልጋሉ? የጠየቃቸው አለ?”



በሳምንቱ ተያይዘው ታራዴል ሄዱ። ዓይሻ ቀስ እያለች ታስረዳለች፣ ምሥራች ትተረጉማለች። ከፈለጉ ጨርሶ ይጠፋል። ከፈለጉ ማንነታቸውን የሚያሳየው ሁሉ ተነቅሶ ይወጣና የቀረው ለሌሎች እናቶች ይቆያል። ካልሆነም እሳቸው እስከሚሉት ጊዜ ተቆልፎ ይቀመጣል።

“ድምፄስ?” አሉ እትዬ አፀደ። “ስሙን እየጠራሁ ያወራሁበት?”

“እሱ ድሮም አልወጣም፤ ተቆልፎ ነው ያለው።”

እትዬ አፀደ የነጠላቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩ። “አይጥፋ። ስለሱ እንደዚያ አውርቼ አላውቅም፣ ወደፊትም አላወራም። ቆልፉት። ሁለታችንም ስንሞት ይከፈት፤ ያን ጊዜ የሚያፍር አይኖርም።” ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። “መሞታችንንስ ማን ይነግራችኋል? ልጅ የለን።”

ምሥራች ይኼንን ለዓይሻ መተርጎም አቃታት። “እኔ እነግራቸዋለሁ፣ እትዬ” አለች በአማርኛ። ዓይሻ ግን ሳይተረጎምላት የገባት ይመስል የእትዬ አፀደን እጅ ያዘች።

ሲወጡ ጋሼ ተድላ ደጅ ነበሩ። ሞቃቱ የቺኑክ ነፋስ ያቀለጠው በረዶ መልሶ ረግቶ፣ ደረጃው ላይ ያለውን በአካፋ እየፈለፈሉ ነው። ዓይሻ ወደ መኪናው ቀደመች።

“አንቺ ነሽ የቀዳሻት?” አሉ ቀና ሳይሉ።

“አዎ፣ ጋሼ።”

“ሲነግራት…” አካፋው ቆመ። “አልቅሶ ነበር?”

ምሥራች መልሱን ታውቀዋለች። እትዬ አፀደ ያንን ሲናገሩ የሆነውን ሁሉ፣ የትኛው ቃል ላይ ድምፃቸው እንደተሰበረ ጭምር ታስታውሳለች። አፏ ላይ ደረሰ።

“እሱን እሳቸው ናቸው የሚነግሩዎት፣ ጋሼ” አለች። “ውስጥ ናቸው።”

ጋሼ ተድላ ወደ መስኮቱ ዞሩ። መጋረጃው ተከፍቷል፤ እትዬ አፀደ እንግዶቹ የጠጡበትን ብርጭቆ እያነሱ ነበር። አካፋቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ጓንታቸውን አወለቁ። በሩ ጋ ደርሰው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ጓንቱን መልሰው አጠለቁ፣ አካፋውንም አንስተው በረዶውን መፈልፈል ቀጠሉ።