ያልታየ አይጻፍም

የራጅ ባለሙያው ወደዚያ ከተማ ሲዛወር ይዞት የመጣው ሁለት ሻንጣ፣ አንድ አቅርቦ ማያ መነጽርና የማይበርድ ንዴት ነበር። ሚስቱ ከሞተች አራት ወሯ ነው። ዝውውሩን የጠየቀው ራሱ ነው፤ የእሷን ደረት ባነሳበት ማሽን ላይ ሌላ ሰው ማስተኛት አቅቶት። ወፍ ማየት የለመደውም እሷን ሲያስታምም ነው። ከአልጋዋ አጠገብ ካለው መስኮት እሷ ስትቆጥር እሱ ይጽፍ ነበር። ስትሞት መቁጠሩም መጻፉም ለእሱ ቀረ።

አዲሱ ሆስፒታል ጓሮው ረግረግ ነው። ሸንበቆው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ውስጡ ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ። ሰውየው ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት አጥሩ ጋ ይገተራል። ነርሶቹ ከፎቅ መስኮት ሆነው «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» እያሉ ያጨበጭቡለታል። ዞር ብሎም አያያቸውም።

ሕጉ አንድ ነበር፤ በዓይኑ ያላየውን ወፍ አይጽፍም። ሃያ ሁለት ዓመት በራጅ ክፍል የኖረ ሰው ነው። ፊልሙ ላይ ያልወጣውን ስብራት፣ ታማሚው ጮኸም አልጮኸም፣ ስብራት ነው ብሎ አያውቅም።

ከሰው ሁሉ የሚያናግራት የክፍሉን የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ነው። ተወልዳ ያደገችው ረግረጉ ዳር ነው፤ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷታል።

«ይሄን ጻፍከው?» አለችው አንድ ቀን መወልወያዋን ተደግፋ።

«የቱን?»

«አትሰማም እንዴ? ባዶ በርሜል እንደሚመታ ሰው ድም ድም የሚለውን።»

«እሰማለሁ። አላየሁትም ግን፤ ያላየሁትን አልጽፍም እትዬ።»

«ታዲያ አንተ እስክታየው ብሎ ይወጣልሃል? ተደብቆ ኗሪ ነው እኮ! እኔ እንኳ ሃምሳ ዓመት ስሰማው ያየሁት ሁለቴ ነው።»

«እንግዲያው እርስዎ ሁለቴ ይጻፉት።»

«ውይ ድርቅና! ሚስትህ እንዴት ቻለችህ!» አለችና ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። እሱ መነጽሩን ይወለውል ጀመር።

ዝናቡ መጣ፤ ውሃው እስከ አጥሩ ሞላ። ዝናቡ ሄደ፤ ሸንበቆው አበበ። ንጋት ላይ ረግረጉ እንደ ገበያ ይንጫጫል። የሚያፏጭ አለ፣ የሚያስነጥስ የሚመስል አለ፣ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ የሚንቋቋ አለ። ሰውየው ይህን ሁሉ ቆሞ ይሰማና ደብተሩ ላይ «ቁራ፣ ሦስት። ድንቢጥ፣ ብዙ። ዋኔ፣ አንድ» ብሎ ይገባል። ዓመቱ ሲያልቅ አሥራ አንድ ዓይነት ሆነ። አሥራ አንዱም በዓይን የታየ፣ ቀንና ሰዓት ያለው። ኮራበት።

የአዲስ ሰው የመጀመሪያ ዓመት ዝርዝር የወፎቹ ዝርዝር አይደለም፤ የተመልካቹ ድንቁርና ዝርዝር ነው። ዕድሜውን ወፍ ሲያይ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ በድምፅ መለየት እስኪማር ድረስ የጻፈውን ለማንም አያሳይም። ለእሱ ግን ይህን የነገረው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ቢሮው አስጠራው። ወንበር ስቦ አስቀመጠው።

«ወንድሜ፣ ስለ ወፎችህ እሰማለሁ። እስቲ ደብተርህን አሳየኝ።»

በዓመት ውስጥ ደብተሩን ልይልህ ያለው የመጀመሪያው ሰው ነው። ልቡ ቀለጠ። ገጽ በገጽ አስረዳው። ሥራ አስኪያጁ ራሱን እየነቀነቀ ሰማው፤ ጸሐፊዋ ገጾቹን ኮፒ አደረገች፤ «ሥራህ መታወቅ አለበት» ተብሎ ሰውየው እያንዳንዱ ኮፒ ላይ ፈረመ። ሲወጣ ያፏጭ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ጥናት ተለጠፈ። ረግረጉ ተደፍኖ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። «በሆስፒታሉ ባለሙያ ለአንድ ዓመት በየቀኑ በተደረገ ክትትል የተገኙት የወፍ ዓይነቶች አሥራ አንድ ብቻ ሲሆኑ፣ ሁሉም በከተማው ጎዳና ላይ የሚታዩ ናቸው።» ከሥር የእሱ ስም።

ነጩን ጋዋን እንደለበሰ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። የግንባታ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነበር፤ አምስት ሰው፣ አምስት የውሃ ጠርሙስ።

«ይሄ ጥናት አይደለም! ማታለል ነው!»

«የቱ ጋ ነው የተዋሸው?» አለ ሥራ አስኪያጁ ረጋ ብሎ። «አሥራ አንድ አላልክም?»

«ያየሁት ነው አሥራ አንድ! ውስጡ ሠላሳም አርባም አለ። በየቀኑ እሰማቸዋለሁ!»

«ስማቸውን ንገረንና እንመዝግብ።»

አፉን ከፈተ። እንደ በርሜል ድም ድም የሚለውን ምን ይበለው? የሚያስነጥሰውንስ? አንዱንም አያውቀው።

«የአንድ ዓመት ጊዜ ስጡኝ። በድምፅ መለየት እማራለሁ።»

«ደብተርህ ላይ አንድ ቦታ ‹ድምፅ ሰማሁ› የሚል አለ?»

«የለም።»

«ምነው?»

«ያላየሁትን... አልጽፍም።»

አንደኛው የኮሚቴ አባል «በቃ፣ ወፍ የለም በላ!» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሐሰተኛ ሰነድ አያዘጋጁም፤ አያስፈልጋቸውም። አንድ ሐቀኛ ሰው ይፈልጉና ከሐቁ የሚበቃቸውን ቆርጠው ይወስዳሉ። ለአቤቱታ የሚሄድበት በር ሁሉ ላይ ያንኑ ፊርማውን አስቀድመው ይልኩለታል።

እንዲያም ሆኖ ሦስት ማመልከቻ ጻፈ። ሦስቱም «በራስዎ የተረጋገጠ ጥናት ስላለ» ተብለው ተመለሱ።

ዶዘሩ የመጣው ወፎቹ ጎጆ በሠሩበት ወር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሰውየው አጥሩን ዘሎ ፊቱ ቆመ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ትሑት ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ዞር ይበሉልኝ። ወረቀት አለኝ።»

«የምን ወረቀት! እንቁላል አለ እኮ ውስጡ!»

ሹፌሩ ፈቃዱን ከነአባሪው ዘረጋለት። ከአባሪው አናት ያለው ገጽ የእሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ቁራ፣ ሦስት። ድንቢጥ፣ ብዙ። የሚያስተባብለው አንድ መስመር ፈለገ። ሁሉም እውነት ነበር። ወረቀቱን አጥፎ መለሰና ዞር አለ፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ከዚያ በኋላ ለራሱም ማስረዳት አልቻለም።

ሸንበቆው መተኛት ሲጀምር ወፎቹ ወጡ። ቡናማ፣ ባለመስመር፣ ረጃጅም እግር ያላቸው፣ ጅራታቸው የተቆረጠ የሚመስል፣ አንዳንዱ ከአውራ ጣት የማይበልጥ። አንድ ትልቅ ወፍ አንገቱን ሰብስቦ በጭቃው ላይ ዝቅ ብሎ በረረና ጥቂት ዞሮ ወደዚያው ተመለሰ። የሚያርፍበት ሲያጣ እንደገና ተነሣ። ደብተሩ ኪሱ ውስጥ ነበር። እጁን አላስገባም።

የጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ገብታ፣ ከዶዘሩ ፊት ፊት እየሮጠች፣ የምታገኘውን ጫጩት ባልዲዋ ውስጥ ትለቅም ነበር። መጥታ ባልዲውን አፍንጫው ሥር ደቀነችው። ላባ ያላበቀሉ አምስት ፍጥረቶች አፋቸውን ከፍተው እየጮኹ ይንቀጠቀጣሉ።

«ምንድን ናቸው?»

«አላውቅም እትዬ።»

«ምን ይበላሉ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ያዝ!» አለችና ባልዲውን አስታቅፋው ወደ ጭቃው ተመለሰች።

ከፎቅ የነርስ ድምፅ መጣ፤ ራጅ ክፍል በር ላይ ዘጠኝ ታማሚ ተሰልፏል። ሰውየው ባልዲውን በጋዋኑ ሸፍኖ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ ከአምስቱ ሁለቱ መጮኽ አቁመው ነበር።