ሦስተኛው ራዲያተር

ጀማነሽ ስትናደድ ድምፅዋን አትለካም። ያን ቀን ኡራኤል መብራት ላይ የአባቷ ፔጆ አራት መቶ አራት ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት እየተፋ ቀጥ ሲል፣ ከኋላዋ የነበረው ሚኒባስ ጥሩምባውን አንዴ ቢነካ፣ ወርዳ ሹፌሩንም ረዳቱንም መብራቱን የተከለውንም አንድ ላይ ወረፈቻቸው። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት በመሥሪያ ቤት ስታፍነው የኖረችው ቁጣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ማንንም ሳያስፈቅድ ይወጣል። ሁለት መንገደኞች መኪናውን ገፍተው ጥግ አስያዙላት። አመሰገነቻቸው፤ ወዲያው ደግሞ ጎማውን ከጠርዙ ጋር አጋጫችሁት ብላ ተቆጣቻቸው።

ጥፋቱ የራዲያተሩ ነበር። አሁንም የራዲያተሩ! ከአባቷ ዘመን ጀምሮ ያገለገለው የመጀመሪያው ራዲያተር ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት አረፈ፤ ሁለተኛው ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም፤ ይህ ሦስተኛው ደግሞ ገና ዓመቱን አልደፈነም። የአራት መቶ አራት ራዲያተር ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ከውጭ ይምጣ ቢባል የእሷ ጡረታ የሚደፍረው ነገር አይደለም። ስለዚህ መካኒኳ ሁዘይፋ ከሌላ መኪና የወለቀ ያገለገለ ራዲያተር በርካሽ ይፈልግና፣ መያዣውን ቆርጦና በይዶ፣ ቱቦውን አስማምቶ ይገጥምላታል። ይህን የሚችል ሌላ ሰው አታውቅም። ሌሎቹ መካኒኮች መኪናውን ሲያዩ በስልካቸው ፎቶ ያነሱታል እንጂ አይነኩትም።

መኪናው ለእሷ ጌጥ አልነበረም። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ የምትኖረው ከከተማው ዳር፣ የጎረቤቷን ስም ከማታውቅበት ፎቅ ላይ ነው። ወር በገባ በአሥራ አምስት ግን ቂርቆስን ትሳለማለች፣ ከዕድርተኞቹ ጋር ትገናኛለች፣ ከጥንት ጎረቤቷ ከዘውዲ ጋር ምሳ ትበላለች። ጉልበቷ የታክሲ ሰልፍ አይችልም። በዚህች ቀን የድሮውን ሰው የምታገኘው በዚህ ፔጆ ብቻ ነው። ፔጆው ከቆመ እሷም እዚያ ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ መቅረቷ ነው።

አንድ ፒካፕ በገመድ ጎትቶ ቂርቆስ አደረሳት። የሁዘይፋ ጋራዥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። እሱም የካዛንቺስ ልጅ ነው፤ ከእሷ አጥር ጋር በተያያዘ ቤት፣ ልብስ ሰፊ ከነበሩት አባቱ ጋር ነው ያደገው። ሰፈሩ ሲፈርስ የእሱም ጋራዥ ፈርሶ እዚህ ተከራየ። ሃምሳ ሞልቶታል፤ ዛሬም እትዬ ጀማነሽ ብሎ ነው የሚጠራት፣ ስታናግረውም ከመኪና ሥር ወጥቶ ቆሞ ነው የሚሰማት።

ያን ቀንም ወጥቶ ቆመ። አንድ የቪትዝ ባለቤትና አንድ ሌላ ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር፤ ጀማነሽ ለእነሱም እንዲሰማ አድርጋ ጀመረች። በአራት ዓመት ሦስት ራዲያተር የሚበላ መኪና የት አገር ታይቷል አለች። የሞተ ዕቃ እየለቀምክ ትገጥምልኛለህ፣ ሴት ነች ብለህ፣ አሮጊት ነች ብለህ፣ ከዚህ ሌላ መሄጃ የላትም ብለህ ነው አለች። ይህ አዲስ ወሬ አልነበረም። ሁለተኛው ራዲያተር የሞተ ጊዜም ለዘውዲ ነግራት ነበር፤ ዘውዲም ለዕድሩ ነግራ፣ የዘውዲ ልጅና ሌሎች ሁለት ሰዎች መኪናቸውን ከሁዘይፋ ወስደው ሌላ ጋር ማሠራት ከጀመሩ ከርመዋል።

ሁዘይፋ እስክትጨርስ አዳመጠና፣ ሌላ እንደሚቀይርላት፣ ሒሳብም እንደማይጠይቃት በዝግታ ነገራት። ይሄኔ ባሰባት። ጥፋት የሌለበት ሰው በምን ምክንያት በነፃ ይሠራል?

«አባትህ በመርፌ ያሳደጉህ ሰው ትሆናለህ ብለው ነበር» አለችው። «ሌባ ሆንክ። ዛሬ ይህን ባለማየታቸው እግዜር ወዷቸዋል።»

የቪትዙ ባለቤት ስልኩን ማየት ጀመረ። ሁዘይፋ ፊቱ ተለዋወጠ። ራዲያተሩን ፍታልኝ፣ ምን ዓይነት ቆሻሻ እንደሸጥክልኝ በሌላ ባለሙያ አስመሰክራለሁ ስትለው፣ እስኪበርድ ጠብቆ ፈታላትና በማዳበሪያ ጠቅልሎ ሰጣት። ይዛው የምትሄድበትን ታክሲ እንኳ የጠራላት እሱ ነው።

ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ፊሮምሳ የሚባል ራዲያተር ብቻ የሚሠራ ሰው አለ። ጀማነሽ ከማዳበሪያው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና፣ ይህ ዕቃ ሁዘይፋ ሲገጥመው ጀምሮ የሞተ እንደነበረ በጽሑፍ እንዲሰጣት ጠየቀችው። ፊሮምሳ ጽሑፍ አልሰጥም፣ መጀመሪያ ልክፈተው አለ። የላይኛውን ክዳን ብየዳውን በእሳት አሟሙቶ አነሳውና ወደ ብርሃን አዘነበለው። ውሃ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አፋቸው ድረስ በነጭ ነገር ተደፍነዋል። በመፍቻው ጫፍ ቢቧጥጠው እንደ ኖራ እየተፈረፈረ መዳፉ ላይ ወደቀ።

«ማዘር፣ ምን ዓይነት ውሃ ነው የሚጨምሩበት?»

ማዘር መባሏ አናደዳት። ቢሆንም መለሰችለት፤ የሚያሳፍር ነገር ስላልሆነ ቀና ብላ ነው የመለሰችው። ጠበል ነው አለች። ከአራት ዓመት በፊት ወደ ኡራኤል ስትወርድ ፍሬኗ እንቢ ብሏት፣ ከአንድ የጭነት መኪና ጋር ለጥቂት ሳትጋጭ ተርፋለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ራዲያተሩ ውሃ በጎደለ ቁጥር የቧንቧ ውሃ ጨምራበት አታውቅም። እህቷ አልጋነሽ ሰሜን ካለ አንድ ገዳም፣ ከዓለት ሥር ከሚፈልቀው፣ ሲቀምሱት ጨው ጨው ከሚለው ጠበል በየጊዜው ትልክላታለች። ላዩ ላይ ጠበል ተብሎ የተጻፈበት ቢጫ ጀሪካን ከመኪናው ኋላ ጠፍቶ አያውቅም።

ፊሮምሳ አልሳቀም። ጠበሉ ለሰው ነው እንጂ ለብረት አይደለም አላት። እንዲህ ያለው ውሃ በውስጡ የሟሟ ድንጋይ እንዳለበት፣ ሞተሩ ሲያፈላው ድንጋዩ ቱቦው ላይ ተጋግሮ እንደሚቀር፣ ምንም ዓይነት ራዲያተር ቢገጠም ይኸው እንደሚሆን አስረዳት። ይህኛው ደግሞ ቱቦው ከሥር ተበልቷል፣ በቀጭን ብረት ቢጠረግም አይድንም።

«የፊቶቹን ሁለቱንም እኮ ሁዘይፋ አምጥቶልኝ ከፍቼያቸዋለሁ» አለ ዕቃውን እየመለሰላት። «እንደዚሁ ነበሩ። ለማንም እንዳትናገር ብሎኝ ነበር፤ የማን እንደሆኑ ግን አልነገረኝም። አሁን ነው የገባኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያፍር ነበር። ጀማነሽ ግን ተናደደች፤ ከጠዋቱ ይልቅ ተናደደች። ወደ ቂርቆስ ስትመለስ የታክሲው ሹፌር ሬዲዮውን ሳትጠይቀው ዘጋው። ሁዘይፋ ያውቅ ነበር! ኮፈኑን በከፈተ ቁጥር ጀሪካኑን እያየ፣ ነጩን ነገር በዓይኑ እያየ፣ አራት ዓመት ሙሉ ዝም አላት። ሌባ ስትለው፣ ደንበኞቹን ስታስሸሽበት፣ በአንድ ቃል ነፃ መውጣት ሲችል ዝም አላት። እንዲህ አድርጎ እሷን ሰው በዳይ አደረጋት። ይህን ነው ይቅር ልትለው ያልቻለችው።

ስትገባ ሁዘይፋ ቪትዙ ላይ አጎንብሶ ነበር። የሞተውን ራዲያተር እግሩ ሥር አስቀመጠችና ለምን አልነገርከኝም አለችው። በመጀመሪያ መሬት መሬት አየ። ኋላ ግን ቀና አለ።

«ምን ብዬ? ጠበሉ መኪናዎን በላው ልበልዎት? እኔ ሁዘይፋ? አንድ ክርስቲያን ቢነግርዎት ምክር ነው። እኔ ብናገር ምን ተብሎ እንደሚወራ እርስዎም ያውቃሉ።»

«እኔ እንደዚያ የማስብ ሰው ነኝ?»

ሁዘይፋ መመለስ አላስፈለገውም፤ ምክንያቱም ጀማነሽ ራሷን ታውቃለች። በዚያን ጊዜ ቢነግራት ዕድሩ ፊት ቆማ የምትናገረው ነገር ከነቃሉ አሁን ጆሮዋ ላይ ይሰማት ነበር። ጠበላችንን ናቀ ትል ነበር። ይህን ማወቋ ራሱ ሌላ ንዴት ሆነባት፤ እውነቱን የያዘ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ መናደድ ደግሞ ያንገበግባል።

«ስማኝ» አለችው፤ ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። «ከዛሬ ጀምሮ በሆድህ የያዝከውን በፊቴ ተናገር። መከበር አልፈልግም። ክፉም ይሁን ደግ፣ የሆነውን ንገረኝ።»

እሺ አለ። ከመደርደሪያው ሥር በካርቶን የተጠቀለለ ሌላ ራዲያተር አወጣ፤ ከአንድ ከተጋጨ ኮሮላ የተፈታ፣ ጥሩ ዕቃ ነበር። ከሦስት ወር በፊት ገዝቶ አስቀምጦላት ኖሯል። መያዣውን ለካ፣ ቆረጠ፣ በየደ። ጀማነሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየው ጀመር። ከቧንቧ ውሃ ሞልቶ ሞተሩን አስነሳና ግማሽ ሰዓት ያህል ጆሮውን ጥሎ አዳመጠው። መኪናው ከአራት ዓመት ወዲህ እንዲህ ሳይጨነቅ ሠርቶ አያውቅም። ሒሳቡን ስትጠይቀው፣ ቅናሽም ሳያደርግ ሳይጨምርም፣ ዕቃውን የገዛበትንና የእጁን ዋጋ ነገራት። ቆጥባ ካስቀመጠችው አልዘለለም፤ ከፈለችው።

ልቧ ቀለል አላት። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፏ እንደማይወጣ ብታውቅም፣ ከዘውዲ ጀምራ ለዕድርተኛው ሁሉ እውነቱን እንደምትናገር ለራሷ ወስናለች። መኪናው ውስጥ ገብታ፣ በመስኮቱ፣ ለእሷ ትልቅ እርቅ የሆነውን ነገር አለችው፤ ለሚመጣው አሥራ አምስት ብቅ እላለሁ፣ ታይልኛለህ አለችው።

ሁዘይፋ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጣት በጣት ነው የጠረገው።

«እትዬ ጀማነሽ፣ በሆድህ አትያዝ ብለውኛል። እንግዲያው ልንገርዎት። ሌባ ሲሉኝ ችያለሁ፤ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እየሰማሁ ችያለሁ። ዛሬ ግን አባቴን አነሱብኝ። ከእንግዲህ መኪናዎን ወደ እኔ አያምጡት።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እርስዎ ማለቱንም አልተወም። ጀማነሽ አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን ልትለው የሚገባው ነገር አልነበረም።

«ታዲያ ማን ይሠራልኛል?»

«አላውቅም» አለ ሁዘይፋ። እውነቱን ነው፤ አያውቅም።

ከዚያ ግቢ ወደ ኋላ መውጣት አስቸጋሪ ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ የሚመጣ መኪና አይታይም። ሁዘይፋ ቀድሟት ወጥቶ መንገዱ መሀል ቆመ። በአንድ እጁ የሚመጣውን መኪና አቁሞ፣ በሌላው ና ና እያለ ቀስ አድርጎ አወጣት። መሪውን እስክታስተካክል ድረስም ጠበቃት። ጀማነሽ መስኮቱን አውርዳ ልትሰድበው ፈለገች፤ የምትሰድብበት ነገር ፈልጋ አጣች። ቀና ስትል ሁዘይፋ ወደ ቪትዙ ተመልሷል።