በዓይን የተለካ ቀሚስ

እትዬ ልኬ ሜትር አይወዱም ነበር። ቤታቸው ውስጥ ሜትር የለም ለማለት አይደለም፤ መሳቢያ ውስጥ፣ ከተበጠሱ ቁልፎች ጋር ተጠቅልሎ ዕድሜውን ይቆጥራል። እሳቸው ሰውን አንድ ጊዜ ከአንገት እስከ ጉልበት ያዩታል፣ "ይበቃል፣ ሂጂ" ይላሉ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም በኪሮሽ የሠሩት ልብስ ባለቤቱ ላይ ልክክ ይላል። ስሙም የወጣላቸው ከዚሁ ነው። "ዓይኔ ሜትሬ ነው" ሲሉ አፋቸውን ሞልተው ነው። ቀኑን ሙሉ ሜትር አንገቷ ላይ አጣፍታ የምትውለው ጎረቤታቸው ሰፊዋ በዚህ ነገር ትበግን ነበር። "እኛስ ምን ይዋጠን እትዬ ልኬ? ሱቁን እንዝጋው?" ትላቸዋለች። እሳቸው ይስቃሉ። በሌላ በሌላው ጥሩ ሴት ናቸው፤ በዚህ በኩል ግን ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

ቢጫውን ክር የገዛችው ልጃቸው ነበረች። ፖስታ ቤት ሦስተኛው መስኮት ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ማኅተም ስትመታ ትውላለች። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ አሥራ ሁለት ጥቅል የጥጥ ክር በወረቀት ከረጢት ታቅፋ ገባች። ቀለሙ የደረሰ ሎሚ ነው። ክር ሻጩ ሱቁን ሊዘጋ ስለነበር ያለውን ጠራርጎ ሰጥቷት፣ "ከዚህ ቀለም ሌላ እንዳትጠብቂ፣ አይመጣም" ብሏታል።

"የበጋ ቀሚስ ሥሪልኝ እማ" አለች። "እጅጌ የሌለው። ከወገብ በታች ብዙ አትድከሚ፤ መስኮቱ እንደሆነ የሚያሳየኝ እስከ ደረቴ ነው።"

"እና ግማሽ ቀሚስ ለብሰሽ ልትሄጂ? አበባስ ልጨምርበት?"

"ምን ሲደረግ! አበባ የሕፃን ነው። ልሙጥ ይሁን።"

እትዬ ልኬ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። ይበቃል አሉ። ሠላሳ ዓመት ሲያዩዋት የኖሩትን ልጅ ምኑን ይለኳታል?

በሳምንቱ ልጅቷ ታመመች። ድካም ነው ሲሉ ትኩሳት መጣ፣ ትኩሳት ነው ሲሉ ሐኪሞቹ ሌላ ስም ሰጡት። እትዬ ልኬ ያንን ስም በአፋቸው ደግመው አያውቁም፣ እዚህም አይደገምም። በየሦስት ሳምንቱ አምስት አምስት ቀን ሆስፒታል እየተኛች መድኃኒቱን በክንዷ እንድትወስድ ተወሰነ። መንገዱ ረጅም እንደሆነና እስከ በጋ ድረስ ምንም ለማለት እንደማይችሉ ሐኪሙ በቀስታ ነገራቸው። እትዬ ልኬ ግን የሰሙት "በጋ" የሚለውን ብቻ ነበር። "በጋ ሲገባ ቀሚስሽን ለብሰሽ ወደ መስኮትሽ ትመለሻለሽ" አሏት። ከዚያ በኋላ ቀሚሱ ልብስ መሆኑ ቀረና የተቆረጠ ቀጠሮ ሆነ።

አሠራራቸው ለብቻው ነው። ሌላው ሰው ቀሚስን ከአንገት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። እሳቸው ከጎን ወደ ጎን ነው የሚሄዱት፤ እያንዳንዱ መስመር ከብብት ተነስቶ እስከ ጫፍ ይወርድና ተመልሶ ይወጣል። ፊቱና ጀርባው ለየብቻ አልቆ መጨረሻ ላይ በግራና በቀኝ ይጋጠማል። "ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል" ይሉ ነበር ምክንያቱን ሲጠየቁ፤ "ጎኑን ፈትቶ ሁለት መስመር መጨመር ነው፣ ሁለት መስመር መቀነስ ነው።" ይህን ሲሉ የሰው ልጅ እያሰቡ እንጂ የገዛ ልጃቸውን እያሰቡ አልነበረም።

በሁለት ወር አለቀ። የመጨረሻዋ ጥቅል ከመጨረሻው መስመር ጋር እኩል ተሟጠጠች፤ ለዚህም ራሳቸውን ሲያደንቁ ዋሉ። ልጅቷ በዚያ ሰሞን ቤት ነበረች። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጠው አለበሷት፣ ከዚያም እንድትቆም ደገፏት።

ቀሚሱ መስቀያ ላይ እንደተንጠለጠለ ቁልቁል ወረደ። ብብቱ ሥር ጡጫ ያስገባል። አንገቱ ወደ አንድ ትከሻ ተንሸራተተ።

ሁለቱም መስተዋቱን አዩ። ከዚያ ሁለቱም ሌላ ሌላ ነገር አዩ።

"ሰፋ ያለ ነው የሚመቸኝ" አለች ልጅቷ።

"ክሩ ነው። ጥጥ መጀመሪያ ላይ ይለቃል" አሉ እናት።

ማግስቱን ቀሚሱን በነጠላ ወረቀት ጠቅልለው ሰፊዋ ዘንድ ሄዱ። ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ የማንንም ምክር ጠይቀው አያውቁምና ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ብድግ አለች። ቀሚሱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ሜትሯን ጣል አደረገችበት።

"በየጎኑ አራት አራት ጣት ትርፍ ነው።"

"እጄ ላልቶ ነው። እርጅና ነው።"

"እጅዎ እንኳ አልላላም እትዬ ልኬ።" ሰፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እርስዎ የሠሩት ለዚያችኛዋ ነው፣ ፖስታ ቤት ትሄድ ለነበረችው። አሁን አልጋ ላይ ያለችውን አላዩዋትም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው። ይሄን ሜትር ይውሰዱና ይለኳት።"

እትዬ ልኬ ቀሚሱን ከጠረጴዛው ላይ መንጭቀው ወጡ። ደህና ዋይም አላሉ። ሰፊዋን ለወራት አላናገሯትም። የተናደዱት ስለተሳሳተች ቢሆን ኖሮ በሁለት ቀን ይበርድላቸው ነበር። መለካት ማለት በእጅ ይዞ ማወቅ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ማወቅ አልፈለጉም።

ልጅቷ ተመልሳ ሆስፒታል ስትገባ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጎኑን ፈቱ። በዓይናቸው አራት መስመር ገመቱ፣ አራት መስመር ተረተሩ። እጃቸው ላይ የቀረው ክር ግን የድሮው ክር አልነበረም። አንዴ የተሠራ ክር ሲፈታ ቀጥ አይልም፤ የቋጠሮውን ቅርጽ ይዞ እንደተሸበሸበ ይቀራል። ልሙጥ ሥራ ላይ ቢመልሱት መስመሩ ይጎረብጣል፣ ከሩቅ ያስታውቃል። አጥበው፣ ክብደት አንጠልጥለው ቀናት ካላቆዩት አይቃናም። እንዲህ ያለውን ክር እሳቸው ለትራስ ሙሌት ነበር የሚያውሉት።

ይሄኛውን ግን ሊጥሉት አልቻሉም። ከልጃቸው ላይ የወረደ ነገር መሰላቸው። ኪሮሿን አንስተው አምስት ቅጠል ያላት ትንሽ አበባ ሠሩ። አበባ ላይ ሽብሽቡ አይታይም፤ ቅጠሉ ራሱ የተጠቀለለ ነውና ሁሉንም ይሸፍናል። አንገቱ ሥር ሰፏት።

"አበባ አልፈልግም አላልኩሽም?" አለች ልጅቷ ስትነቃ።

"ትርፍ ክር ተገኘ። አንዲት አበባ ምን ታደርግሻለች?"

አንዲት ብትሆን ጥሩ ነበር። ሥራው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ልጅቷ ሆስፒታል ገብታ በወጣች ቁጥር ቀሚሱ ይሰፋል፤ ጎኑ ይፈታል፣ ክሩ ይሸበሸባል፣ ሁለት ሁለት አበባ ይጨመራል። እትዬ ልኬ በየጊዜው በዓይናቸው ይገምታሉ፣ በየጊዜው ዓይናቸው ያደላል፤ ሁለት መስመር ብቻ ቢሆን ነው ይላሉ፣ አራት ሆኖ ይገኛል። አበቦቹ ከአንገቱ ተነስተው ደረቱን አልፈው ወደ ወገቡ ወረዱ። ቀሚሱ አምሮ ነበር። የሚያዩት ነርሶች ሁሉ "እንዴት ያለ ሥራ ነው!" ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ምስጋናውን እንደ መርዝ ይውጡታል።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እንጃ። በዚያ ክፍል ውስጥ ለአራት ወር ሲነቅዝ የቆየ ዝምታ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መድኃኒቱ ጠብ ጠብ እያለ በክንዷ ሲገባ፣ ልጅቷ "እስቲ ቀሚሴን አምጪው" አለች። ጭኗ ላይ ዘረጋችው። አበቦቹን በጣቷ እየዳሰሰች ወረደችና አንዷ ላይ ቆመች። ቅጠሏን ገልብጣ ጀርባዋን አየች።

"እማ፣ ይሄ ክር አዲስ አይደለም።"

"ከዚያው ከክርሽ ነው እንጂ።"

"የእኔ ክር እኮ አልቋል። የመጨረሻዋ ጥቅል የተጠቀለለችበትን ወረቀት የጣልኩት እኔ ነኝ። ይሄ ተሠርቶ የተፈታ ነው፣ ተሸብሽቧል። የአንቺ ልጅ ሆኜ ክር ይጠፋኛል?"

እትዬ ልኬ የአልጋውን ብረት ያዙ።

"አሥራ አንድ ናቸው" አለች ልጅቷ። "ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ አበባ ከስቻለሁ ማለት ነው።"

እናት ያን ጊዜ አለቀሱ። ሆዳቸው ውስጥ ያጠራቀሙት ሁሉ ወጣ፤ ነርሷ በበሩ አንገቷን አስግጋ አይታ ተመለሰች። "እያየሁሽ አላየሁሽም ልጄ" አሉ። "የሰው ልጅ ሁሉ ልክ ይገባኛል፤ ያንቺ ጠፋኝ።"

"እኔስ? ሰፋ ያለ ነው የሚመቸኝ አላልኩሽም? ሁለታችንም ነን የዋሸነው።" ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች። "ፈርተሻል?"

"ፈርቻለሁ።"

"እኔም።"

ልጅቷ ቀሚሱን አጥፋ ወደ ጎን አደረገችና፣ "ከእንግዲህ በዓይንሽ አትለኪኝ" አለች። እትዬ ልኬ ከቦርሳቸው ረዘም ያለ ነጭ ክር አወጡ፣ በልጃቸው ጀርባ አሳልፈው በብብቷ ሥር አዞሩና ደረቷ ላይ አገናኙት። የጎድን አጥንቷን አንድ በአንድ በክሩ ሥር አወቁት። ጫፉ ክሩን ያገኘበት ቦታ ላይ ለምልክት ቋጠሮ አሰሩ። ሲወጡ ሆስፒታሉ ደጃፍ ደረጃ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ። በዚያው ቀን ማታ ሰፊዋ ቤት ሄደው "ልክ ነበርሽ" አሏት። ሰፊዋም ወንበር ሳበችላቸው።

ከዚያ ወዲህ ቋጠሮው ነገሩን ሁሉ እንዳለ ይናገር ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ጣት ወደ ውስጥ ገባ፤ አንድ አበባ ተጨመረ፣ ልጅቷ ራሷ ቦታውን መረጠች። በሌላኛውም እንዲሁ። አሥራ ሦስት ሆኑ። በሚቀጥለው ጊዜ ክሩ ሲዞር ቋጠሮው እዚያው የነበረበት ላይ አረፈ። ደግመው ለኩ፤ እዚያው ነው። "ቆመ" አሉ፣ ሌላ ቃል ለመጨመር ፈርተው።

በጋው ገባ። ልጅቷ ቤት ናት። የቀጠሮው ቀን አለፈ፣ ቀሚሱ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ቆየ፣ ማንም ስለ መስኮቱ አላነሳም። በጋው ተጋመሰ። አንድ ጠዋት እትዬ ልኬ ወጥ ቤት ሾርባ ሲያማስሉ ከመኝታ ክፍሉ ልጅቷ ተጣራች።

"እማ! ይሄ ቀሚስ ብብቴን ያዘኝ!"

ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ። ሲገቡ ልጅቷ ቀሚሱን ለብሳ በእግሯ ቆማለች፣ አንድ ክንዷን አንስታ ጎኗን ታያለች፣ ፊቷን አጨማዳለች። እትዬ ልኬ አዩ። ያዩትን ግን አላመኑም፤ ዓይናቸው ስንት ጊዜ ከድቷቸዋል! "ቆይ፣ እንዳትንቀሳቀሺ" ብለው ነጩን ክር ከመሳቢያ አወጡ፣ አዞሩት፣ ሳቡት። ጫፉ ቋጠሮው ላይ አልደረሰም። አንድ ጣት ጎደለው። እንደገና አዞሩት። አሁንም አንድ ጣት ጎደለው።

"ጠቦሻል" አሉ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። "ልጄ፣ ቀሚሱ ጠቦሻል።"

"እና ቆመሽ ታለቅሺያለሽ? አስፊው እንጂ!"

አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ክር ከየትም አይገዛም፤ ያለው አበባ ላይ ነው። የመጨረሻዋን አሥራ ሦስተኛዋን አበባ እትዬ ልኬ በመቀስ ጫፍ ከቀሚሱ ላይ አላቀቁና ጅራቷን ፈልገው ሳቡ። ቅጠል በቅጠል ተፈታች፤ ጭናቸው ላይ የተሸበሸበ ቢጫ ክር ብቻ ቀረ።

"አጥቤ ላቃናው፣ ሦስት ቀን ነው" አሉ።

"ሦስት ቀን አልጠብቅም።"

"ይታያላ! ጎኑ ላይ እንዲህ ዥጉርጉር ብሎ..."

"ይታይ" አለች ልጅቷ።

ልጅቷ ወደ ፖስታ ቤት የተመለሰችው በጋው ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። እስከዚያ ድረስ ዘጠኝ አበባ ተፈትቶ ጎኑ ላይ ገብቷል። አራቱ ግን አልተፈቱም፤ አንገቱ ሥር እንደተሰፉ ናቸው። ቋጠሮው ከዚያ በላይ አልሄደም፤ የሄደው ሁሉ አይመለስም። እናትና ልጅ ይህንንም ተነጋግረውበታል።

በመጀመሪያው ቀን እትዬ ልኬ ፖስታ ቤት ሄደው ሦስተኛው መስኮት ወረፋ ላይ ቆሙ። የሚልኩት ደብዳቤ የላቸውም። ከመስታወቱ ወዲያ ልጃቸው ማኅተም ለመምታት ክንዷን ባነሳች ቁጥር በብብቷ ሥር የተሸበሸበው መስመር ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብቅ ይላል። ከኋላቸው የቆመች አንዲት ሴት አንገቷን አስግጋ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

"ጥሩ ቀሚስ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ጎኑን አበላሽታዋለች። ለመሆኑ ማን ነው የሠራው?"

እትዬ ልኬ ዘወር አሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ፣ አፋቸውን ሞልተው።