መንገደኛ የሚያቆም ፎቶ

ሲሃም እንድሪስ የመመረቂያ ጥናቷን ርዕስ ስትመርጥ አማካሪዋ «ይከብድሻል» ብሏት ነበር። ይከብድሻል የተባለች እንደሆን ደግሞ እልኋ የሚነሣ ልጅ ናት። ጥናቱ የፊልም ማስታወቂያ ሰውን በምን እንደሚስብ ነው። የሞጣው ልጅ አብዱራዛቅ ፊልም ሠርቶ ሊያስመርቅ ሲል ለሙከራዋ ሁለት ዓይነት ፖስተር አሳተመላት። ለሞጣ የታሰበው ሽጉጥ የያዘ ጎረምሳና የምታለቅስ ቆንጆ ነው። የቢቸናውን ያሰበችው ግን ራሷ ናት፤ የዋናው ተዋናይ የእንዳለው ፎቶ በጥቁር ክፈፍ፣ ከሥሩም «በድንገት የተለየን ወንድማችን» የሚል በትልቁ። የፊልሙ ስምና የሚታይበት ቀን ከታች ጥግ ላይ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል ተወሽቋል። «ሰው ለቆንጆ ያፈጥጣል፤ ለሐዘን ግን ይቆማል» ብላ ነበር። ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ነው ጉዱን ያመጣው።

በገበያ ቀን ቢቸና መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ የቆመውን ሁሉ በደብተሯ ትመዘግብ ጀመር። ወደ ስምንት ሰዓት ላይ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ከፖስተሩ ፊት ደረሱ። አዩት፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። የሲሃም ልብ በደስታ ዘለለ። አዎ፣ በደስታ፤ አሁን ሲያወሩት ያሳፍራል እንጂ። ተነሥታ «አባባ፣ ፊልም እኮ ነው» ብትል ምን ነበረበት? ግን አጥኚ አይቶ ይጽፋል እንጂ እጁን አያስገባም ተብላ ተምራለችና ጻፈች፦ «ስሜት፦ እጅግ ከፍተኛ።»

አዛውንቱ የሞጣ ሚኒባስ ተሳፍረው ከሄዱ በኋላ የሻይ ቤቷ ባለቤት ብሩክታይት እያለቀሰች መጣች።

«አየሽልኝ አባባ ከፋለን? የሞተው የእህታቸው ልጅ ነው። እናቱ እትዬ ይርጋነሽ ሞጣ ናቸው፤ ከሱ ሌላ የላቸውም። ‹ማንም ስልክ እንዳይደውል፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዤ ራሴ አረዳታለሁ› ብለው ሄዱ።»

ሲሃም ደብተሯን ዘጋች። መርዶ በስልክ እንደማይነገር ታውቃለች። ወሬው ተደብቆ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሳይነጋ በር ላይ ተቁሞ ነው የሚነገረው። እንዳለው ጋ ደውሎ ያጣራ ሰው የጠፋውም ለዚህ ነው፤ ለሞተ ሰው ማን ይደውላል? እሷ ደወለች። እንዳለው ለሥራ ወደ የጁቤ ወርዷል፤ ስልኩ አይሠራም። ፖስተሩን ከግድግዳው ቦጭቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ የመጨረሻው ሚኒባስ ላይ ዘለለች።

ሞጣ ስትደርስ አባቷ እንድሪስ የጨርቅ ሱቁን ሊዘጋ ነበር። ነገሩን በሩጫ ነገረችው።

«አሁኑኑ እንሂድና ልጅዎ ደህና ነው እንበላቸው፣ አባዬ!»

«ያ አላህ! በምሽት በሯን አንኳኩተሽ ልጅሽ ደህና ነው ካልሻት እኮ አረዳሻት ማለት ነው። መርዶ ነጋሪስ መጀመሪያ የሚለው ምን መሰለሽ? እኛ መያዝ ያለብን ሽማግሌዎቹን ነው።»

ከፋለን ቤት ለቤት ፈለጓቸው። ያየ አልተገኘም፤ ያየውም ቢሆን ምስጢር ጠባቂ ሆኖ «አላየሁም» ይላል። አማራጭ ሲያጡ ጎህ ሳይቀድ ከይርጋነሽ አጥር ሥር ቆመው ጠበቁ። ብዙም ሳይቆይ አምስት ጋቢ ለባሾች በዝምታ መጡ።

«እንድሪስ፣ አንተም ሰማህ?» አሉ ከፋለ፣ ድምፃቸው እየተቆረጠ።

«ጋሽ ከፋለ፣ ውሸት ነው! ልጁ አልሞተም፤ የፊልም ማስታወቂያ ነው።»

«በዓይኔ አይቼ! በሬሳ ይቀለዳል?»

ሲሃም ፖስተሩን አውጥታ ዘረጋችው። ጣቷን ወደ ታችኛው ጥግ ሰደደች፤ ጥጉ የለም። በችኮላ ስትቦጭቀው ያቺ ጉንዳን ጽሑፍ ቢቸና ግድግዳው ላይ ቀርታለች። በእጇ ያለው ጥቁር ክፈፍና የእንዳለው ፊት ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ አይተው አንገታቸውን ደፉ።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ይርጋነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ኪዳን ለማድረስ ሲወጡ ከደጃቸው የቆሙትን ሰዎች አዩ፤ ወንድማቸውን አዩ።

«ከፋለ? በዚህ ሰዓት?»

ከፋለ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሲሃም መታገሥ አቃታት፤ የአባቷ ምክር ከአእምሮዋ በረረ።

«እትዬ ይርጋነሽ፣ ልጅዎ ደህና ነው!»

ይርጋነሽ «ልጄን!» ብለው ጮኹና መሬት ላይ ወደቁ።

የተጀመረ ለቅሶ ማን ያቆመዋል? መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሲሃም «በሕይወት አለ» ባለች ቁጥር ሴቶቹ «ምስኪን፣ ልታጽናና ነው» እያሉ ያዝኑላታል። እንዳለው በስልክ የተገኘው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እናቱ ድምፁን ሰሙ፤ ግን ከድምፅ በላይ ፈለጉ።

«ናና ልዳስስህ» ብቻ አሉት።

ለቀስተኛው አልተበተነም። እንዳለው ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሶ ሲገባ ይርጋነሽ ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ አንገቱን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። አላለቀሱም፤ እንባቸው አልቋል። ከበሩ አጠገብ ሁለት ጎረምሶች «ፊልሙ ግን መቼ ነው?» ሲባባሉ ሲሃም ሰማች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ሄዳ ከይርጋነሽ እግር ሥር ተደፋች።

«ይቅር ይበሉኝ። ያሰብኩት እኔ ነኝ። ሰው ለምን እንደሚቆም ላጠና ብዬ ነው።»

ይርጋነሽ አገጯን ይዘው ቀና አደረጓት።

«እናት አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ትኑርልሽ። እንግዲያው የሷን ፎቶ በጥቁር ከብበሽ ከበራችሁ ላይ ለጥፊና ፊት ለፊቱ ቁሚ። ሰው ለምን እንደሚቆም ያን ጊዜ ይገባሻል።»

ሲሃም ከግቢው ወጣች። ቤታቸው ሩቅ አልነበረም፤ እስክትደርስ ግን አላስቻላትም። መንገድ መሐል ቆማ እናቷ ኸይራት ጋ ደወለች።