የማንኪራው ዛፍ ስንት ሜትር ነው?

የእኔን ሥራ የሚያህል ከባድ ሥራ ቦንጋ ውስጥ የለም። የዞኑ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አንድ ቀን ባልገባ ዞኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያውም ትሕትና ይዞኝ ቀንሼ ነው። በዚህ ላይ የልጆች አባት፣ የዕድር ጸሐፊ፣ የምሥራቅ ባል። በዚህ ሁሉ መሃል ነው እንግዲህ የፍቅር ልብ ወለድ ልጽፍ የተነሣሁት።

ምሥራቅ አስተማሪ ናት። እኔና እሷ በወጉ የምንገናኘው ቅዳሜ ነበር። አብረን ገበያ እንወርዳለን፤ እሷ ትከራከራለች፣ እኔ ዘንቢል እሸከማለሁ። ስንመለስ ዝናብ ይይዘንና የሰው በረንዳ ተጠግተን እንስቃለን። እንደዚያ ያለ ዝናብ ዛሬ ቦንጋም አይዘንብም።

«ለአንድ ዓመት ቅዳሜዬን ሰጥቼሃለሁ» አለችኝ። «ገበያውንም ልጆቹንም እኔ እችላለሁ። ስትጨርስ መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ። ካልጣመኝ ቅዳሜዬን ትመልሳለህ፤ መጻፉም ይቀራል።»

«ዓመት ምን ያደርግልኛል? ስድስት ወር ይበቃኛል!» አልኩ። ዓመት ከአራት ወር ፈጀብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ባረጁ የቢሮ ቅጾች ጀርባ ላይ የጻፍኩትን ሦስት መቶ ገጽ ታቅፋ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። እኔ ደህና የቆመውን አጥር በመዶሻ ስመታ ዋልኩ።

«አባዬ፣ ያን እንጨት ስትመታው አምስተኛ ጊዜህ ነው» አለችኝ ልጃችን ማርቲ።

መጽሐፉ የእኛው ታሪክ ነው። ጎበዙ የሚወዳትን ልጅ አባት ሊያስደስት ማንኪራ ጫካ ውስጥ ስልሳ ሜትር ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ከተሰቀለው ቀፎ ሁለት ኩንታል ማር በትከሻው ያወርዳል። መንገድ ላይ ነብር ይገጥመዋል። ነብሩ አፍሮ ይመለሳል።

ምሥራቅ ነብሩ ጋ ስትደርስ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ግን ሳቋን አልሰማሁም። ጨርሳ መነጽሯን አወለቀች።

«ተድላ፣ ልጅቷ የት አለች?»

«የቷ ልጅ?»

«የሚወዳት ነዋ! በሦስት መቶ ገጽ የተናገረችው ሁለቴ ነው። ሁለቴም ‹ወይኔ!› ነው ያለችው።»

መዶሻውን አስቀመጥኩ። እውነተኛው ዛፍ ላይ የወጣሁት የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ነው።

አባቷ አቶ ተሰማ «የቢሮ ልጅ ወረቀት እንጂ ዛፍ መች ያውቃል» ብለው ነበር። እልህ ይዞኝ ወጣሁ። የሦስት ሰው ቁመት ላይ ስደርስ ግንዱን አቅፌ ቀረሁ። ምሥራቅ ከታች አየችኝ፤ አልሳቀችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣችና እግሬን በእጇ እየያዘች፣ «እዚህ ጋ አድርገው፣ አሁን እዚህ ጋ» እያለች አወረደችኝ። ከዚያ ንቡን የሚያባርረውን የሚጨስ ችቦ ይዛ ራሷ ወጣች። ማሩን በገመድ ቁልቁል ለቀቀችልኝ።

«አንተ ነህ ያወረድከው፤ በቃ» አለች።

አቶ ተሰማ እስኪሞቱ ድረስ በየድግሱ «አማቼ ንብ አይፈራም!» ሲሉ፣ እሷ አጠገቤ አንገቷን ደፍታ ወጥ ታወጣ ነበር።

«የዛፉን እውነት ጻፈው» አለችኝ አሁን።

«ምሥራቅ፣ ሰው ምን ይለኛል? ዕድሩስ? ቢሮውስ?»

«እንግዲያው ቅዳሜዬን መልስ።»

ሳምንቱን ሙሉ ከነብሩ ጋር ታገልኩ። ረቡዕ ከመጽሐፉ አስወጣሁት፤ ከወንድሜ የተለየሁ ያህል ከበደኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ዘንቢሏን ይዛ ልትወጣ ስትል አዲስ የጻፍኩትን አራት ገጽ ሰጠኋት። በር ላይ ቆማ አነበበች። ሁለተኛም አነበበች።

«ችቦውን በግራ እጄ ነበር የያዝኩት» አለች ቀስ ብላ።

«አስተካክላለሁ።»

«ዛፉም ስልሳ ሜትር አይሞላም።»

«እሱንማ ሰባ አድርጌዋለሁ። አሁን የምትወጪው አንቺ ነሻ!»

ያ የዝናቡ ቀን ሳቋ መጣ። ዘንቢሉን ግን እጄ ላይ አንጠለጠለችው።

«ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምረህ ጻፍ። ዛሬ ተሸከም።»